4 ጂቢ ራም ላለው የቤት ኮምፒውተር፦ በነጻ የሚወርዱ ፕሮግራሞችና ጌሞች የትኞቹ ይሻላሉ? ከየትስ ይወርዳሉ?

የሁለት_ልጆች_አባት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ማሽኑ ላፕቶፕ ነው፤ ኮር አይ3 ሦስተኛ ትውልድ፣ ግራፊክሱ ኢንቴል ኤችዲ 4000፣ 4 ጂቢ ራም፣ 500 ጂቢ ሃርድ ዲስክ (ኤስኤስዲ አይደለም)፣ ዊንዶውስ 10 ባለ 64 ቢት። የሚፈለገው አማርኛ ደብዳቤና ሲቪ መጻፊያ፣ ፊልም ማጫወቻ፣ ከዚያ ደግሞ ለ6 እና ለ11 ዓመት ልጆች የሚሆን ጌም ነው። ክራክ የተደረገ ነገር አልፈልግም።

አንድ ፕሮግራም ሰርች ሲደረግ አሥር ቦታ ይመጣል፤ ሁሉም ላይ ትልቅ አረንጓዴ «ዳውንሎድ» አለ። እውነተኛው በምን ይለያል? ለዚህ ማሽን የማይከብዱትስ የትኞቹ ናቸው? ኢንተርኔቱ በፓኬጅ ስለሆነና መብራትም ስለሚጠፋ መሃል ላይ ሲቋረጥ ምን እንደሚደረግ ጭምር ብትነግሩኝ።

ሽቦ_አልባ፦

መጀመሪያ «በነጻ» የሚለውን ቃል እንለየው፤ አራት የማይገናኙ ነገሮችን ያቅፋል። ቪኤልሲ (ፊልም ማጫወቻ)፣ ሊብሬኦፊስ (ደብዳቤ መጻፊያ) እና 7-ዚፕ (የታመቀ ፋይል መክፈቻ) ምንጭ ኮዳቸው ክፍት ነው፤ ቤትም ቢሮም ቢጠቀሙባቸው፣ ለጎረቤት በፍላሽ ቢሰጧቸው ማንም አይጠይቅዎትም። የፎቶ ማያው ኢርፋንቪው ነጻ የሚሆነው ለቤት ነው፤ ለድርጅት ሥራ ፈቃድ ይገዛል። ዊንራር (ይህም የታመቀ ፋይል መክፈቻ) የ40 ቀን ሙከራ ነው፤ ቀኑ ሲያልፍም ይሠራል፣ ግን በከፈቱት ቁጥር ግዙኝ ይላል። አራተኛው በነጻ አስገብቶ ውስጥ ዕቃ የሚሸጥ ጌም ነው፤ ልጆች ባሉበት ቤት እሱን ባያስገቡ እመርጣለሁ። ብዙ ሰው የዊንራር ክራክ ፍለጋ የሚንከራተተው 7-ዚፕ የራር ፋይል እንደሚከፍት ስለማያውቅ ነው። 7-ዚፕ ደግሞ መጠኑ 2 ሜጋባይት እንኳ አይሞላም።

አሁን ወደ ምንጩ። ሰርች ላይ ከሁሉም በላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው፤ ጎኑ ላይ «ስፖንሰርድ» የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለበት። ይዝለሉት። ቪኤልሲ ከቪዲዮላን ነጥብ ኦርግ፣ ሊብሬኦፊስ ከሊብሬኦፊስ ነጥብ ኦርግ፣ 7-ዚፕ ከ7-ዚፕ ነጥብ ኦርግ ይወርዳሉ። ሦስቱም መጨረሻቸው «ኦርግ» ነው፤ ያው ስም በ«ኮም» ወይም በሌላ ካለቀ ገጹን ይዝጉት። በማይክሮሶፍት ስቶር ያለው ሊብሬኦፊስ ገንዘብ ይጠይቃል። ማጭበርበር አይደለም፣ በራሱ ፋውንዴሽን የሚሸጥ ነው፤ ግን ያንኑ ፕሮግራም ከገጹ ያለ ክፍያ ያገኙታል።

የታወቀ የማውረጃ ገጽ መሆኑ ብቻ ዋስትና አይሆንም። ሶርስፎርጅ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በአንዳንድ ፕሮግራሞች መጫኛ ውስጥ ሌላ ሶፍትዌር ይጨምር ነበር፤ ጊምፕም በዚያው ዓመት ለቆ ወጣ። በ2016 ባለቤቱ ሲቀየር ያ አሠራር ቀርቷል። ስለዚህ ከፕሮግራሙ ባለቤት ገጽ ይነሱ፤ እሱ ወደ ሌላ ገጽ ከመራዎት ችግር የለውም።

ፋይሉ ከወረደ በኋላ ሳይከፍቱት ሦስት ነገር ይዩ።

አንደኛ መጠኑን። የሊብሬኦፊስ መጫኛ 350 ሜጋባይት ገደማ ነው፣ የቪኤልሲ ደግሞ 40 ሜጋባይት ገደማ። «ሊብሬኦፊስ» ተብሎ የወረደው ፋይል 2 ሜጋባይት ከሆነ ሊብሬኦፊስ አይደለም፤ በኋላ ሌላ ነገር ጎትቶ የሚያመጣ ማውረጃ ነው። 200 ሜጋባይት ላይ ቆሞ ከሆነ ደግሞ ተቋርጧል፤ ሲከፍቱት ዊንዶውስ መጫኛውን መክፈት አልቻልኩም ይልዎታል።

ሁለተኛ ፊርማውን። ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ «ዲጂታል ሲግኔቸርስ» የሚለው ታብ። ቪኤልሲ ላይ ቪዲዮላን፣ ሊብሬኦፊስ ላይ ዘ ዶክዩመንት ፋውንዴሽን የሚል ስም መኖር አለበት። ሌላ የማያውቁት ድርጅት ፈርሞበት ካዩ ያጥፉት።

ሦስተኛ ሻ-256ን፣ ማለትም ከፋይሉ ይዘት የሚሰላውን መለያ ቁጥር። 7-ዚፕ ከተጫነ በኋላ ፋይሉ ላይ ቀኝ ክሊክ ሲያደርጉ «ሲአርሲ ሻ» የሚል ዝርዝር ይመጣል፤ ከእሱ ሻ-256ን ይምረጡ። 64 ቁጥርና ፊደል ያወጣል። የሊብሬኦፊስ ማውረጃ ገጽ ከቁልፉ አጠገብ «ኢንፎ» የሚል ሊንክ አለው፤ እዚያ ካለው ጋር ያስተያዩ። ከፋይሉ አንዲት ነጥብ ብትለወጥ ቁጥሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይቀየራል። ቅጂው ከሰው ፍላሽ የመጣ ከሆነ ይቺን ፍተሻ አይዝለሏት።

ሲጭኑ «ኤክስፕረስ» ወይም «ሪኮመንድድ» አይበሉ፤ «ከስተም» ይበሉ። ተጨማሪው ነገር የሚደበቀው ቀድሞ ራይት በተደረገበት ሳጥን ወይም «ዲክላይን» የሚለው በደበዘዘበት ገጽ ላይ ነው። ከላይ የጠራኋቸው ሦስቱ ግን ምንም ዓይነት ተጨማሪ አይጠይቁም። የቪኤልሲ መጫኛ ቱልባር ላስገባ ካለዎት እጅዎ ላይ ያለው ሌላ ነገር ነው።

በመጨረሻ ዊንዶውስ ሴኩሪቲ → አፕ ኤንድ ብራውዘር ኮንትሮል → ሬፑቴሽን ቤዝድ ፕሮቴክሽን ገብተው የማይፈለጉ አፖችን የሚያግደው መብራቱን ያረጋግጡ። ከሥሩ ሁለት ሳጥን አለ፣ አፕና ዳውንሎድ፤ ሁለቱም ራይት ይደረጉ።

ፊደል_ገበታ፦

ስለ መጻፊያው እኔ ልቀጥል። ሊብሬኦፊስ ለዚህ ማሽን ይበቃል። ሲጫን «ከስተም» ካሉ የቋንቋ ዝርዝሩ ውስጥ አማርኛ አለ፤ ከመረጡት ሜኑው ሁሉ በአማርኛ ይሆናል። የማያስፈልጉትን ቋንቋዎችና መዝገበ ቃላት ቢያነሱ ቦታ ይቆጥባሉ። ቤዝ የተባለውን ዳታቤዝ ካልተጠቀሙ ጃቫ መጫን አያስፈልግም። ዊንዶውስ 7 ወይም 8 ያላችሁ ደግሞ ልብ በሉ፤ ከ25.8 ጀምሮ ያሉት እትሞች እዚያ አይጫኑም፣ 25.2 የመጨረሻችሁ ነው።

በሃርድ ዲስክ መጀመሪያ ሲከፈት መዘግየቱ ያለ ነው። መስኮቱ ጥቁር ከሆነ ወይም ከተርገበገበ ግን የግራፊክስ ድራይቨሩ ጉዳይ ነው፦ ቱልስ → ኦፕሽንስ → ቪው ገብተው ስኪያ የሚለውን (መስኮቱን የሚስለውን ክፍል) ያንሱ። ጭራሽ አልከፈት ካለ በሴፍ ሞድ አስነስተው ይሞክሩ።

መብራት ስለሚጠፋ ይህን በመጀመሪያው ቀን ያስተካክሉ፦ ቱልስ → ኦፕሽንስ → ሎድ/ሴቭ → ጀነራል። የማገገሚያ ቅጂ በየ10 ደቂቃው እንዲይዝ ነው ተደርጎ የሚመጣው፤ ወደ 2 ያውርዱት። ሁልጊዜ የቀድሞውን ቅጂ አስቀምጥ የሚለውንም ራይት ያድርጉ። እዚያው ገጽ ላይ የሚያስቀምጥበትን ዓይነት ወደ ዎርድ ዶክኤክስ መቀየር ይቻላል። ሲቪውን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት ዎርድ ስለሚጠቀም ይህ ከብዙ ጣጣ ያድናል።

አሁን ዋናው፣ አማርኛው። ሰው ሁሉ «ሊብሬኦፊስ አማርኛ ያበላሻል» ይላል፤ የሚያበላሸው ግን ፎንቱ ነው። ሁለት የተለያየ ችግር ነው፣ አይምታታ።

የመጀመሪያው፣ ፊደሉ ሁሉ የማይነበብ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ሲመጣ ነው። ሰነዱ ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቁጥር ከሚሰጠው የጋራ ደረጃ) በፊት በነበረ ፎንት ተጽፏል ማለት ነው። እነዚያ ፎንቶች የላቲን ፊደሎችን ቦታ ይዘው ላያቸው ላይ «ሀ»ን ወይም «ለ»ን ስለው ነበር የሚያሳዩት፤ ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ከሥር ያለው ላቲን ወጥቶ ይታያል። ዎርድም ቢሆን ያለ ፎንቱ ያንኑ ነው የሚያሳየው። ፎንቱን መጫን ወይም ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው ያለው መንገድ።

ሁለተኛው፣ ፊደሉ በትክክል ይነበባል ግን አንድ ገጽ የነበረው ሲቪ አንድ ተኩል ይሆናል፤ ሠንጠረዡ ይገፋል፣ ፊርማው ቦታ ወደሚቀጥለው ገጽ ይወርዳል። እዚህ ላይ የሆነው የፎንት መተካት ነው። ለምሳሌ በኒያላ ተጽፎ ኒያላ በሌለበት ማሽን ሲከፈት በኢብሪማ ወይም በኖቶ ይተካል፤ የፊደሎቹ ስፋትና የመስመሩ ቁመት ስለማይመሳሰል መስመሮቹ ይሸጋሸጋሉ። መፍትሔው ፋይል → ፕሮፐርቲስ → ፎንት ገብቶ ፎንቱን ከሰነዱ ጋር አብሮ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ፋይሉ ትንሽ ይተልቃል። ተቀባዩ የማያርመው ሰነድ ከሆነ ደግሞ ፒዲኤፍ አድርጎ መላክ ይቀላል። ለላቲኑ ካሊብሪን የሚተካው ካርሊቶ፣ ካምብሪያን የሚተካው ካላዲያ አብረው ይመጣሉ፤ ስፋታቸው እኩል ስለሆነ እንግሊዝኛው አይሸጋሸግም። ለአማርኛ በነጻ የሚገኙ ጥሩ ፎንቶች አቢሲኒካና ኖቶ ኢትዮፒክ ናቸው።

ለመተየብ ኪማን ነጻ ነው፤ ጂኤፍኤፍ አማርኛ የሚለውን ኪቦርድ ጨምሩበት። አተያየቡ በድምፅ ነው፦ ኤስ ብቻዋን «ስ» ናት፣ ዩ ሲከተላት «ሱ»፣ ኦ ሲከተላት «ሶ»። ኮለን አንዴ «፡»፣ ሁለቴ ደግሞ «።»። ኪማን ሳይጫን መሥራት የሚፈልግም ዊንዶውስ 10 የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ ከቋንቋ ሴቲንግ ይጨመራል። አማርኛው ሥር ቀይ መስመር ከተሰመረ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ተብሎ ስለተያዘ ነው፤ ከታች ባለው መስመር ላይ ቋንቋውን ጠቅ አድርገው ይቀይሩት ወይም ፊደል አይታረም ይበሉት።

ቀይ_ዳማ፦

ወንድሜ፣ ጌሞቹን ለእኔ ተውልኝ። በዚህ ማሽን ላይ የምመዝናቸው በአራት ነገር ነው፦ ራሙ 4 ጂቢ ሆኖ ይነሳል ወይ፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ፣ መብራት ሲጠፋ የተጫወቱት ይጠፋል ወይ፣ ውስጡ ማስታወቂያና ሽያጭ አለ ወይ።

ለ6 ዓመቱ ጂኮምፕሪ። ከ100 በላይ ትናንሽ መልመጃዎች አሉት፤ ማውስ መያዝ፣ ቁጥር፣ ሰዓት ማንበብ፣ ቼዝ፣ ሥዕል። ማስታወቂያም ሽያጭም የለውም። በፍላሽ የሚዞር ቅጂ አግኝተህ ግማሹ መልመጃ ተቆልፎ ኮድ ከጠየቀህ አሮጌ እትም ነው፤ የዊንዶውሱ እትም ድሮ ኮድ ነበረው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ሁሉም ተከፍቷል። አዲሱን አውርድ። የድምፅ ፋይሎቹ ለየብቻ ስለሚወርዱ ኢንተርኔት ባለበት ሰዓት አንዴ ከሴቲንጉ አስወርዳቸው፤ አለዚያ ልጁ ትዕዛዝ አይሰማም። መስኮቱ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ስታርት ሜኑ ውስጥ ከዋናው አጠገብ ባለው የሴፍ ማስነሻ ክፈተው።

ለሁለቱም አንድ ላይ ሱፐርታክስካርት፣ የመኪና ውድድር ነው። ኤችዲ 4000 ይችለዋል፤ ግን የግራፊክስ ደረጃውን ወደ ታች አድርገው፣ ሬዞሉሽኑንም ከ1280 በ720 አታሳልፍ። ከተንተባተበ የላቀ ግራፊክስ የሚለውን ፓይፕላይን አጥፋው፤ ጥላና ብርሃኑ ይቀራል፣ ፍጥነቱ ግን ወዲያው ይለወጣል። ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ማያ ገጹን ለሁለት ከፍሎ ሁለት ልጅ ያጫውታል።

ለ11 ዓመቱ በጣም የምመክረው ባትል ፎር ዌስኖዝን ነው። በየተራ የሚጫወቱት የጦር ስልት ጌም ነው፤ ለዳማ ወዳጅ ይሆናል። በተራ ስለሆነ ማሽኑ ደካማ ቢሆን ግድ የለም፣ ልጁም አይጣደፍም። በየተራው በራሱ ሴቭ ያደርጋል፤ መብራት ቢጠፋ የሚጠፋው ያችው አንዷ ተራ ብቻ ናት። ቋንቋው እንግሊዝኛ ስለሆነና ንባብ ስለሚበዛበት መጀመሪያ ላይ አብሮት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል።

ኦፕንቲቲዲም አለ፤ ባቡርና አውቶቡስ መስመር መዘርጋት። ራሱ በጣም ትንሽ ነው፤ ግን መጀመሪያ ሲከፈት ሥዕሎቹን ከኢንተርኔት ላውርድ ይላል። ኢንተርኔት በሌለበት ቤት ከከፈትከው እዚያው ይቆማል፣ ሰውም «አይሠራም» ብሎ ያጠፋዋል። አንዴ ካወረደ በኋላ ኢንተርኔት አያስፈልገውም።

ማይንክራፍት የሚመስል ከፈለጉ ሉዋንቲ ነው፣ እስከ 2024 ማይንቴስት ይባል የነበረው። ሲከፈት ባዶ ነው፤ ውስጡ ካለው ማከማቻ አንድ ጌም ማውረድ ያስፈልጋል። የዕይታ ርቀቱን ወደ 60 አውርደው፣ አለዚያ ይንቀራፈፋል። ከማያውቁት ሰው ጋር ቻት ያለበት የኦንላይን ክፍል ስላለው ልጆቹ የራሳቸውን ዓለም ብቻ እንዲጫወቱ አድርግ።

ዜሮ ኤ.ዲ.ን፣ የጥንት መንግሥታት የጦር ስልት ጌሙን፣ ሁሉም ያወድሰዋል፤ ጥራቱም ያስደንቃል። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የኩሽ መንግሥት ስላለበት በናይል ዳር የነበረውን የመርዌን ሥልጣኔ ልጆች ማየት ይችላሉ። በዚህ ማሽን ላይ ግን የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ በደንብ ሄዶ ሠራዊቱ ሲበዛ ይጎተታል። ምክንያቱ ግራፊክሱ አይደለም፤ የእያንዳንዱን ወታደር መንገድ ማስላቱ በአብዛኛው በአንድ ኮር ላይ ስለሚወድቅ ነው። ካርታው ትንሽ፣ የሕዝብ ቁጥሩ 100፣ ተቃዋሚው አንድ ከሆነ ይቻላል። 2 በ2 ልግጠም ካሉ አይሆንም።

የሁለት_ልጆች_አባት፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ገጠመኝ። 7-ዚፕን ከራሱ ገጽ አውርጄ ስከፍተው ዊንዶውስ ቢጫ መስኮት አምጥቶ «አሳታሚው አይታወቅም» አለ፤ ፊርማ የሚለውም ታብ የለም። ሁለተኛው፣ በቪኤልሲ የአማርኛ ሰብታይትል አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ሆኖ ይወጣል፤ አንዳንዱ ፊልም ደግሞ ድምፁ ይቀድምና ምስሉ ይደርቃል።

ሽቦ_አልባ፦

7-ዚፕ ላይ ይህ የሚጠበቅ ነው። አዘጋጁ ኢጎር ፓቭሎቭ ፕሮግራሙን ከ1999 ጀምሮ ሲያወጣ መጫኛውን በዲጂታል ፊርማ አያስፈርምም፤ ስለዚህ ቢጫው መስኮት ለእሱ ስህተት አይደለም። ለዚህም ነው ለ7-ዚፕ አድራሻውን በዓይን ማየቱ ከሌሎቹ የበለጠ የሚያስፈልገው። ሊብሬኦፊስ ላይ ግን ያው ቢጫ መስኮት ቢመጣ አይቀጥሉ።

ሳጥኑ፦ ቱልስ → ፕሪፈረንስስ → ሰብታይትልስ ገብተው ፎንቱን ኢብሪማ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክ ያድርጉት፣ ኢንኮዲንጉን ደግሞ ዩቲኤፍ-8። ሴቭ ብለው ቪኤልሲን ዘግተው ይክፈቱ። ከሳጥን ይልቅ የተዘበራረቀ ምልክት ከመጣ ፋይሉ ራሱ ዩቲኤፍ-8 አይደለም፤ በኖትፓድ ከፍተው «ሴቭ አዝ» ሲሉ ከታች ኢንኮዲንጉን ይምረጡለት።

የሚደርቀው ፊልም በብዛት ኤች.265 በተባለው የቪዲዮ ማመቂያ ዘዴ የተሠራ ነው። ፊልሙ እየሄደ ቱልስ → ኮዴክ ኢንፎርሜሽን ቢሉ ያዩታል። ሦስተኛው ትውልድ ኢንቴል ይህን በግራፊክሱ መፍታት አይችልም፤ ጭነቱ በሙሉ ፕሮሰሰሩ ላይ ይወድቃል፣ በተለይ 10 ቢት ከሆነ። ሴቲንግ አያድነውም፤ ያንኑ ፊልም በኤች.264 ማግኘት ነው።

ፊደል_ገበታ፦

ስለ መቋረጡ ማንም ስላልመለሰልዎት፦ ሊብሬኦፊስም ዜሮ ኤ.ዲ.ም በገጻቸው ላይ ቶረንት (ፋይሉን ከሌሎች ተጠቃሚዎች ኮምፒውተር በቁራጭ የማውረጃ መንገድ) አላቸው። ኪውቢትቶረንት ጭነው በእሱ ያውርዱ። ፋይሉን ቆራርሶ እያንዳንዱን ቁራጭ እያጣራ ስለሚያወርድ መብራት ቢጠፋ ካቆመበት ይቀጥላል፣ የተበላሸውን ቁራጭ ብቻ መልሶ ያመጣል። በብራውዘር 340 ሜጋባይት ላይ ተቋርጦ ከዜሮ መጀመር የሚባለው አይኖርም። ሲጨርስ አቁሙት፤ አለዚያ ለሌሎች መላኩን ይቀጥልና ፓኬጁን ይበላል። ከማውረድዎ በፊትም የዋይፋዩን ስም ጠቅ አድርገው «ሜተርድ ኮኔክሽን» ያብሩ፣ ዊንዶውስ አፕዴቱን ከጎን እንዳይጎትት።

ከሰው ፍላሽ የሚቀበሉ ከሆነ ፋይል ኤክስፕሎረር → ቪው ውስጥ የፋይል ስም ማራዘሚያ እንዲታይ ያድርጉ። ፎልደሩ ሁሉ ጠፍቶ በቦታው ቀስት ያለበት ሾርትከት ካዩ አይንኩት፤ ጠቅ ሲያደርጉ ነው ቫይረሱ የሚነሳው። እውነተኞቹ ፎልደሮች እዚያው ተደብቀው አሉ፤ በዲፌንደር (በዊንዶውሱ የራሱ ጸረ-ቫይረስ) ስካን አድርገው ሾርትከቶቹን ካጠፉ በኋላ የተደበቀውን አሳይ ይበሉ።

የሁለት_ልጆች_አባት፦

ሁሉም ተስተካከለ። አንዲት ነገር ብቻ ቀረች፦ ሱፐርታክስካርት ላይ ሁለተኛው ልጅ እንዴት ይገባል? አንድ ኪቦርድ ነው ያለው።

ቀይ_ዳማ፦

ኦፕሽንስ → ኮንትሮልስ ግባና ሁለተኛ የኪቦርድ አቀማመጥ ጨምር። ለአንዱ ቀስቶቹን፣ ለሌላው በግራ በኩል ያሉትን ፊደሎች ስጠው። ከዚያ ስፕሊት ስክሪን የሚለውን ከፍተህ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን የመተኮሻ ቁልፍ ሲጫን ይገባል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲነዱ አንደኛው መኪና መታጠፍ እንቢ ካለ ኪቦርዱ ብዙ ቁልፍ በአንድ ጊዜ አይቀበልም ማለት ነው፤ የላፕቶፕ ኪቦርድ ላይ የተለመደ ነው። የመተኮሻውንና የናይትሮውን ቁልፍ እየቀያየርክ ሞክር፤ የሚጋጩት የተወሰኑ ቁልፎች ናቸው። ካልሆነ ርካሽ የዩኤስቢ ኪቦርድ ሰክተህ ለሁለቱም ልጆች እጅ የሚበቃ ቦታ ታገኛለህ፤ ግን ጌሙ ሁለቱን ኪቦርዶች እንደ አንድ ስለሚያያቸው የቁልፎቹ ምርጫ እንደተለያየ ይቆይ።